አሥራ አራት ዲግሪ

ሂልካ፣ ትዝ ይልሻል የመጀመሪያው ሌሊት?
ኦሉ ከተማ፣ የአረጋውያን ቤት፣ ሰባተኛው ክፍል፣ ከባሕሩ ፊት፤
አንቺ መስኮት ስትከፍቺ፣ እኔ ስዘጋብሽ፣
አንቺ «አየር!» ስትዪ፣ እኔ ስንቀጠቀጥብሽ።

ግንቦት ነበረ ወሩ። ግድግዳው ላይ ያለው ቀዩ ቁጥር
«አሥራ አራት» ይላል፤ አይቆጣ፣ አያዝን፣ አያፍር።
አንቺ እጅጌሽን ሰብስበሽ፣ «በጋ ገባ» ብለሽ፣
ክንድሽን ለነፋስ እንደ እህል አስጥተሽ፤
እኔ ሹራብ በሹራብ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ፣
ስረግማት አደርሁ ያቺን የማታሞቅ ፀሐይ።
ባንድ ቁጥር ሥር ሆነን ሁለት ወቅት ቆጠርን፤
ማን ይፍረደን ብንል፣ ግድግዳው ዝም አለን።

አንቺን እናትሽ በጋሪ አስተኝታ፣ በየካቲት ወር፣
በረዶው ላይ ትታሽ፣ አፍንጫሽ ሲቀላ «ይኸው ጤና!» ስትል ነበር።
የኔ እናት ኩልና ውስጥ፣ ከወንዙ ዳር፣ ወበቅ በሞላው ቤት፣
የዘንባባ ማራገቢያ ይዛ፣ ሙሉ ሌሊት፣
እንደ ሸማኔ ክንዷ ሳይዝል ነፋስ ስትሸምንልኝ፣
ያን ጊዜ ነው ቆዳዬ ቋንቋ የተማረልኝ።

ስንቱን ተከራከርን በተሰባበረ ፊንላንድኛ!
አንቺ «ቀጭን ደም» ስትዪኝ፣ እኔ «የነጭ ድብ ጓደኛ»።
አለቃችን ሪትቫ መጥታ ወረቀት ለጠፈች፤
«የክፍሉ ሙቀት ሃያ አንድ» ብላ ደነገገች።
አንቺን አላበሽ፣ እኔን በረደኝ፤
ሕጉስ ልክ ነበረ፤ ፊደል ያልቆጠረ ቆዳ ነው ያስቸገረኝ።

ጥር ላይ ግን፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ በገባው ቁር፣
አውቶቡስ ስጠብቅ ሽፋሽፍቴ ተጣብቆ፣ ጢሜ ሆኖ የበረዶ ዱር፣
እያለቀስሁ ገባሁ።
አልሳቅሽም።
ጓንቴን አውልቀሽ ጣቶቼን ከብብትሽ ከተትሽ፤
«ብርድ አይደለም ጠላትህ፣ ላብ ነው» አልሽኝ ተቆጥተሽ፤
«ስስ በስስ ላይ ልበስ፣ በመሐሉ አየር ይደር፤
አትሩጥ። የሮጠ ያልበዋል፤ ያላበው ነው መንገድ የሚቀር።»

ሐምሌ ላይ ተራው ደረሰ፤ ሠላሳ ሁለት ሆነ፤
ያ ውርጭ ያልደፈረው ገላሽ እንደ ቅቤ ባከነ።
እኔ ግን፣ ልንገርሽ? ደስ አለኝ። ሹራቤን ጣልሁ፤
ከስንት ወር በኋላ ትከሻዬን ከጆሮዬ ሥር አወረድሁ።
መስኮቱን ስዘጋው «ገዳይ!» አልሽኝ፤
«ሙቀት ሌባ ነው፣ በቀን በር አይከፈትለትም» ብልሽ አላመንሽኝ።
አንሶላ ነክሬ ሰቀልሁ፣ ወለሉን በውኃ አራስሁ፣
የእግርሽን መዳፍ በእርጥብ ጨርቅ አበስሁ፤
ሲመሽ ከፈትሁት።
ነፋስ ገባ። ተኛሽ።
ማራገቢያ አልነበረም፤ የታጠፈ ጋዜጣ ነበር በእጄ፤
ክንዴን አየሁት፤ የእናቴ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት አገሬ ገባሁ፣ በታኅሣሥ፤
ሬዲዮው «የብርድ ማዕበል» ይላል፤ ሰዉ በሻርፕ ተጀቡኖ ከጭድ እሳት ዳር ሲተራመስ፣
ዲግሪው ስንት ነው ብል፣ አሥራ አራት!
እኔ በካናቴራ በወንዙ ዳር ስመላለስ።
እናቴ ግንባሬን ዳሰሰች፤ «ልጄ፣ ታመህ ይሆን?»
የጥጥ ድሪቶዋን ጫነችብኝ፤ ከሥሩ ላብ አጠበኝ ሌሊቱን።
እንዴት ልንገራት? ቆዳዬ
እኔን ሳያማክር፣ ቪዛ ሳይጠይቅ፣ ሌላ አገር መግባቱን።
ቀስ ብዬ ተነሥቼ፣ እንዳትሰማ፣
መስኮቱን ገርበብ አደረግሁ፤
አንቺ እንደምታደርጊው፣ በሁለት ጣት።

አሁን ተመልሻለሁ። ሰባተኛው ክፍል፣ ያው አልጋ፣ ያው ቁጥር።
መስኮቱን በክብሪት ቀፎ ደግፌዋለሁ፤
አንቺ «ትንሽ ጨምር» ትያለሽ፣ እኔ «ይበቃል» እላለሁ፤
ቀፎውን በጎኑ አዞርሁት።
ነገም እንጣላለን።